ድር ቢያብር፦ የጥጥና የእንጨት ጥንካሬ ምሥጢር

ከቃጫ የተገመደ ገመድ፣ በመጋዘን የተከመረ ጥጥ፣ የቤት ጣራ የሚሸከም ወራጅ፣ ሦስቱ ልዩ ልዩ ነገሮች መስለው ይታያሉ። የጥንካሬያቸው መሠረት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሴሉሎስ ይባላል። ከእንጨት ለይቶ ያወጣውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. አንሴልም ፓየን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ከጥጥ ክር በመቶ 90 ያህሉ፣ ከእንጨትም እስከ ግማሽ የሚደርሰው ሴሉሎስ ነው።

የሚያስደንቀው ሴሉሎስ ከስኳር የተሠራ መሆኑ ነው። ግሉኮስ የተባለው ስኳር በእህል ውስጥ ስታርች ሆኖ ሲገኝ ሰንሰለቱ የተጠማዘዘ ስለሆነ የሰው ሆድ በቀላሉ ይፈታዋል። በሴሉሎስ ግን ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይተሳሰራል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ በኅብረቱ ይጸናል፤ የሰው ሆድም አይፈታውም። ላም በገለባ የምትኖረው በሆዷ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ስለሚፈቱላት ነው። የሸርጣን ቅርፊትና የአንበጣ ልባስም የሚጸኑት ኪቲን በተባለው የሴሉሎስ ዘመድ ነው።

ይህ ነገር ለነጋዴም ሆነ ለመጋዘን ሹም ቁም ነገር አለው። ውሃ ብቻውን ሴሉሎስን አይፈታም፤ ሻጋታ ግን ይፈታዋል፤ ሻጋታም ያለ እርጥበት አያድግም። ስለዚህ ሳይደርቅ የተከመረ ጥጥ ላዩ ነጭ ሆኖ ሳለ ውስጡ ሊበሰብስ፣ ክሩም ሲሳብ ሊበጠስ ይችላል። ብልህ ገዥ ከክምሩ መካከል ጥቂት መዝዞ በጣቱ ይፈትናል፤ ብልህ ሹምም አስቀድሞ ከወለሉ ከፍ ያደርገዋል፣ ነፋስም እንዲያገኘው ያዛል።