ታንኩ ከፊት፣ ቦታው ከኋላ

ለቤተሰብ የምትሆን ያገለገለች መኪና የሚፈልግ ሰው ደላላውን ቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የስንት ዓመት ስሪት ናት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ መጨረሻ ዋጋዋስ ስንት ነው? የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ወለሉ ልሙጥ ይሆናል ወይስ ጉብታ ይቀረዋል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አያጋጥምም። ሁለት ልጆች፣ አንድ የሕፃን ጋሪና የወር አስቤዛ የሚያመላልስ ሰው ግን መኪናዋን ከገዛ በኋላ ውሎው ከዚያ ወለል ጋር ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይዛ የመጣች ትንሽ መኪና አለች። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ለገበያ አቀረባት፤ በጃፓንና በአሜሪካ «ፊት»፣ በአውሮፓ ደግሞ «ጃዝ» ትባላለች። እዚህ ጃዝ እንበላት። የመጀመሪያዋ ጃዝ ርዝመት 3.83 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ጠንቅቃ ከምታውቃት ከመጀመሪያዋ ቪትዝ የምትረዝመው በአንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። በ2002 ግን በጃፓን በሽያጭ አንደኛ ወጣች። ሞተራቸው ከ660 ሲሲ የማይበልጠው ደቃቃዎቹ «ኬይ» መኪኖች ከዚህ ቆጠራ ውጪ ናቸው። ከዚያ በፊት የአንደኝነቱን ቦታ ኮሮላ ለ33 ዓመት ለማንም ሳታስነካ ይዛው ነበር።

ምስጢሩ ያለው ነዳጁ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የነዳጅ ታንኩ የሚገባው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩ ከታንኩ በላይ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ሲታጠፍም የሚወርድበት ጉድጓድ ስለሌለው ታንኩ ላይ ተደርቦ ይቀራል፤ ለዚያ ነው በብዙ መኪና ወንበሩን ያጠፈ ሰው ፍራሽ ሊያስገባ ሲል ደረጃ የሚገጥመው። የሆንዳ መሐንዲሶች ታንኩን ጠፍጣፋ አድርገው ወደ ፊት አመጡትና ከሾፌሩና ከጋቢና ተሳፋሪው ወንበር ሥር አስገቡት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቦታ ነጻ ወጣ። በዚህ ላይ ታንኩ የመኪናዋ መሐል ላይ ስለዋለ ከኋላ ከሚመጣ ግጭት ራቅ አለ።

ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። የፊት ወንበሮቹ ታንኩ ላይ ስለተቀመጡ ጣሪያው ከፍ ማለት ነበረበት፤ ቁመቷ 1.5 ሜትር ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እግረ ረጅም ሾፌሮችም ወንበሩ የበለጠ ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ ዝቅም ቢል ይመኛሉ።

ነጻ የወጣው ቦታ ምን እንደሚሠራ ለማየት የኋላውን የጎን በር መክፈት ይበቃል። የመቀመጫውን ጠርዝ ይዘው ሽቅብ ሲስቡት እንደ ሲኒማ ቤት ወንበር ተነሥቶ ከመደገፊያው ጋር ይለጠፋል፤ ከሥሩ ያለችው አጭር እግርም ታጥፋ ትገባለች። ያኔ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ ወደ 1.2 ሜትር የሚደርስ ክፍት ቦታ ይገኛል። በድስት የተተከለ አበባ ሳይጎብጥ፣ የልጅ ብስክሌት ሳይፈታ፣ የሕፃን ጋሪ እንደቆመ ይገባል። ሁለተኛው ስልት የዚህ ተቃራኒ ነው። መደገፊያው ወደ ፊት ሲታጠፍ መቀመጫው አብሮት ወርዶ በሌላ መኪና ታንኩ ይቀመጥበት በነበረው ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል፤ ወለሉም እስከ ኋላ በሩ ድረስ ልሙጥ ይሆናል። የጋቢናው ወንበር መደገፊያ ወደ ኋላ ከተኛ ደግሞ 2.4 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዕቃ ከዳሽቦርዱ ሥር ጀምሮ ይጋደማል። ወንበሩ 60 በ40 የተከፈለ ስለሆነ በአንዱ ወገን መሰላል ጭኖ በሌላው ወገን ልጅ ማስቀመጥ ይቻላል።

ስፋትን በወረቀት ቁጥር ማወዳደር ግን ያሳስታል። ሦስተኛዋ ትውልድ ጃዝ በአውሮፓ መግለጫዋ 354 ሊትር የዕቃ ቦታ አላት፤ በአሜሪካ መግለጫዋ 16.6 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 470 ሊትር ገደማ። የተለየው በዋናነት አለካኩ ነው፦ አሜሪካኖቹ እስከ ጣሪያው ድረስ ያለውን አየር ሲቆጥሩ አውሮፓውያኑ ብሎኬት መሳይ ሣጥኖች እየደረደሩ ይለካሉ። ማወዳደር የፈለገ ሰው በአንድ ሚዛን ያወዳድር። በአውሮፓው አለካክ የዚያው ዘመን ያሪስ 286 ሊትር ትይዛለች፤ ከጃዝ በ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝመው ሰባተኛዋ ጎልፍ ደግሞ 380።

ሌሎች ፋብሪካዎች ይህንኑ ችግር በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል። ፊያት በ1998 ያወጣት ሙልቲፕላ ከ4 ሜትር ባነሰ ርዝመት ስድስት ሰው በሁለት ረድፍ፣ ሦስት ከፊት ሦስት ከኋላ፣ ታስቀምጥ ነበር። መልኳ የመሳለቂያ ርዕስ ቢሆንም አሳቡ ጎበዝ ነው፤ ሁለት ረድፍ ብቻ ስለሆነ ስድስት ሰው ተቀምጦም ለሻንጣ 430 ሊትር ይተርፋል። ኦፔል በ1999 ዛፊራን ሲያወጣ ሦስተኛው ረድፍ የዕቃ መጫኛው ወለል ውስጥ ተጣጥፎ እንዲገባ አደረገ።

ቶዮታ አቫንዛ ሌላ ነገር ናት። በ2003 በኢንዶኔዥያ የተዋወቀችው ይቺ መኪና ሰባት ወንበር አላት፣ ከመሬትም ከፍ ትላለች። እስከ 2021 ድረስ የተሠሩት የሚነዱት በኋላ እግራቸው ስለሆነ ጭነው ዳገት ሲወጡ አያሳፍሩም። ይሁን እንጂ ኃይል ወደ ኋላ የሚያሻግረው አክስልና ዲፈረንሻሉ ቦታ ስለሚወስዱ ወለሏ ከፍ ያለ ነው፤ ሰባት ሰው ከተሳፈረ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለሁለት የገበያ ከረጢት ያህል ነው። ሻጭ «ሰባት ሰው ትጭናለች» ሲል እውነቱን ነው፤ ሰባቱ ሰዎች ሻንጣ ይዘው እንደሚሄዱ ግን አልነገረንም። ሆንዳ ራሱ ሰባት ወንበር ለሚፈልግ በ2008 ተንሸራታች በር ያላትን ፍሪድን፣ የበለጠ የዕቃ ቦታ ለሚፈልግ ደግሞ በ2011 ከጃዝ የተዘረጋችውን ፊት ሸትልን በጃፓን አውጥቷል።

ያገለገለች ጃዝ ሲመረጥ ስፋቷ ከትውልድ ትውልድ ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ ካምቢዮው ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ ትውልድ 1.3 ሊትር ሞተር ለአራት ሲሊንደር ስምንት ካንዴላ ያለው፣ ቁጥብና ረጅም ዕድሜ ያለው ሞተር ነው። አብሮት የሚመጣው ሲቪቲ ካምቢዮ ግን አንድ የታወቀ አመል አለው፤ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያረጀ ወይም የማይሆን ዘይት ነው፤ ሆንዳ ለዚህ ካምቢዮ የሠራውን ዘይት ትቶ ያገኘውን የሞላ ባለቤት መዘዙን ለገዢው ያወርሳል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ትንሽ ዳገት ላይ ቆሞ፣ ፍሬን ለቆ፣ ነዳጅ በቀስታ እየሰጡ መነሣት። በአውሮፓ በ2008 በመጣችው በሁለተኛዋ ትውልድ ላይ የተገጠመው «አይ-ሺፍት» የሚባለው፣ ማኑዋሉን በሞተር የሚቀያይር ካምቢዮ፣ የሚንገራገጭና ጥገናው ውድ ስለሆነ ዋጋው ረከሰ ብሎ መቸኮል አይገባም። እዚያው ማኑዋል ካለ እሱ ይሻላል። ለአሜሪካ የተላኩት ሁለቱ ቀዳሚ ትውልዶች ደግሞ ባለ 5 ማርሽ የተለመደ አውቶማቲክ አላቸው፤ ካሉት አውቶማቲኮች ሁሉ ከጭንቀት የራቀው ይህ ነው።

ሦስተኛዋ ትውልድ በጃፓን በ2013 ስትወጣ ሃይብሪዷ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ይዛ መጣች። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ አምስት ጊዜ ለእርማት ተጠራች፤ በጥቅምት 2014 የኩባንያው አመራሮች ደመወዛቸውን እስከመቀነስ ደረሱ። እርማቱ በሚገባ የተደረገላት መኪና ትነዳለች፤ ያልተደረገላትን ግን ከአገር ወጥታ ከተሸጠች በኋላ የሚያርማት አይገኝም።

የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሻጩን ከመጠየቅ ሻንሲውን ማንበብ ይሻላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ነው፤ ጥቂት ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አኃዝ። ጂዲ1 የሚል ከሆነ የመጀመሪያዋ ትውልድ ባለ 1.3 ናት፤ ጂኢ6 ሁለተኛዋ፣ ጂኬ3 ሦስተኛዋ፣ ጂፒ5 ደግሞ ያቺ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኗ ሃይብሪድ። ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተሠራው 17 ፊደልና ቁጥር አለው። ይህ ልዩነት ሌላም ነገር ያጋልጣል። የጃፓን መሪ በቀኝ ስለሆነ ሻንሲው አጭር፣ መሪው ግን በግራ የሆነ መኪና ካጋጠመ መሪው ተዛውሯል ማለት ነው። ቪትዝ በሚለው ስም የተሸጠችው ለጃፓን ገበያ ስለሆነች በአዲስ አበባ ጎዳና መሪዋ በግራ የሆነ ቪትዝ ላይም ይኸው ይሠራል። የተዛወረ መሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ አይቶ ብየዳውን፣ የሽቦ መቀጣጠሉንና የኤርባጉን ቦታ መመርመር ግን ግድ ነው።

ኤርባግ ከተነሣ የታካታ ጉዳይ አይዘለልም። የዚህ የጃፓን ኩባንያ የኤርባግ ማፈንጃ በሙቀትና በእርጥበት ሲያረጅ ከመጠን በላይ ፈንድቶ ብረት ይረጫል፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ማፈንጃዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። እስከ 2013 ድረስ ያሉት የአሜሪካ ጃዞችም ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ 17ቱን የሻንሲ ፊደሎች አስገብቶ እርማቱ መደረጉን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለሚገዛው ብቻ ሳይሆን ለዘመድ መኪና ለሚልከውም።

ቀጥሎ የኋላው የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ይነሣ። የመጀመሪያዋ ትውልድ ጃዝ ስታረጅ በኋላ በኩል ውኃ የምታስገባበት ጊዜ አለ፤ ውኃው የሚጠራቀመው የመጠባበቂያ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጎማው ተነሥቶ ሥሩ በጣት ይዳሰስ። ዝገት ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ያቺ መኪና ክረምትን እንዴት እንዳሳለፈች ያስታውቃል። ወንበሮቹም ሻጩ ፊት አንድ በአንድ ይነሡ፣ ይታጠፉ፤ ብዙ ባለቤት ዓመታት ነድቷት መቀመጫው እንደሚነሣ እንኳ ስለማያውቅ ከሥሩ የአሥር ዓመት ብስኩትና ሳንቲም ይገኛል።

በአሜሪካ ሆንዳ ጃዝን መሸጥ ያቆመው በ2020 ነው። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሌላ ከተማ የሚኖርና ያንኑ ወለል ትንሽ ከፍ ባለ መኪና የሚፈልግ ወገን ከ2016 እስከ 2022 ሞዴል ያሉትን ኤችአር-ቪዎች ይይ፤ የተሠሩት በጃዝ መሠረት ላይ ስለሆነ ታንካቸው ከፊት ወንበር ሥር ነው፣ የኋላ ወንበራቸውም ሽቅብ ይነሣል። የ2023ቷ አሜሪካዊት ኤችአር-ቪ ከሲቪክ ጋር ስለተዛመደች ትልቅ ሆነች፣ ያንን ወንበር ግን አጣች። አዲሱ ከአሮጌው ያነሰበት ገበያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና በዕድሜው ልክ ከባድ ግብር እንዲከፈልበት አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ገዢ የሚመርጠው በአብዛኛው ከዚህ በፊት ገብተው ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት ነው። ሶማሌ ተራ የቪትዝን ወይም የኮሮላን ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የጃዝን የሚጠይቅ ግን የሚጠብቅበት ቀን አለ። ያረጀን ሲቪቲ ደፍሮ የሚከፍት መካኒክም በየመንደሩ አይገኝም። ስፋቷን የወደደ ሰው ማኑዋሏን ቢፈልግ፣ ካልሆነም ከመግዛቱ በፊት መካኒኩን መርጦ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ጃዝ ለሁሉም አትሆንም። ስድስት ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት ፍሪድን ወይም አቫንዛን ይይ። በየሳምንቱ ጠጠር መንገድ ላይ የሚወጣ ሰውም ዝቅ ያለው ሆዷ ድንጋይ ሲነካበት ይቆጨዋል። ሦስት ትንንሽ ልጆች ላሉት ደግሞ ከርዝመት ይልቅ ጎን ነው የሚያስቸግረው። የውጭ ወርዷ 1.7 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሦስት የሕፃን መቀመጫ ጎን ለጎን ለማሰር በጣም ይጠባል፤ የአውሮፓዎቹም የመቀመጫ ማሠሪያ መንጠቆ ያላቸው በሁለቱ ዳርና ዳር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ የልጆቹን መቀመጫዎች ይዞ ሻጩ ቤት ይሂድና ገጥሞ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቀበቶውን አሥሮ ይሞክር፤ የዋጋው ክርክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።