ዘውድና ቁርባን፦ የሴት ሥልጣንና ጋብቻ በግእዝ መጻሕፍት

የእንጦጦን ሸንተረር ከየካ ወገን ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ፣ ከሁለት ቀን በኋላም እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘውድ ከጫኑበት ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ይደርሳል። እቴጌይቱን ለዚያ ዘውድ ያበቃቸው በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም የፈጸሙት ቁርባን፣ እንደ ሰማንያ በሽማግሌ ፊት የማይፈርስ ኪዳን ነበረና፣ ሥልጣንና ጋብቻ በአንዲት ሴት ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለመመርመር ከዚህ ደብር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ነገሩ ግን ከእንጦጦ እጅግ ይቀድማል። በ14ኛው መቶ ዓመት በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ ወደ ግእዝ ተመለሰ የሚባለው ክብረ ነገሥት፣ ባል ሳይኖራት የነገሠችውን ንግሥተ ሳባ ማክዳን ስለ ጥበቧ ካመሰገነ በኋላ፣ ከእርሷ ወዲህ ወንድ እንጂ ሴት እንዳይነግሥ ራሷ እንድትደነግግ ያደርጋታል፤ ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስገባው በርም ጋብቻ ሆኖ ቀረ። ከሐድያ መጥተው የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆኑት እቴጌ እሌኒ በዚያው በር ገቡ፤ ሥልጣናቸው የሰፋው ግን ባላቸው ካረፉ በኋላ፣ በእደ ማርያም እንደ እናት ሲያከብራቸው፣ በልብነ ድንግል ሕፃንነትም መንግሥቱን ይዘው መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ሲልኩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን በሩን ከውስጥ ከፍታ የወጣችው ሴት ታሪክ ነው። አባ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1672 በጻፈው ገድል፣ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስን አማካሪ መልክአ ክርስቶስን አግብታ ሳለች ለምንኩስና ብትኮበልል በጭፍራ አሳዶ አስመለሳት፤ ነገር ግን በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን መገደል ተባባሪ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ጌጧን አውልቃ፣ በጾም ተጠምዳ፣ መኝታውን እምቢ ብላ ዳግመኛ ተለየችው፤ በጣና ዙሪያም ወንድም ሴትም የሚታዘዛት የማኅበር እናት ሆነች። ከእርሷ ቀድማ በ15ኛው መቶ ዓመት ክርስቶስ ሠምራ ባሏንና ልጆቿን ትታ መንናለች፤ በዚያው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ማርጀሪ ኬምፕ ከባሏ ጋር ተዋውላ መኝታ ለይታ ኖራለች፤ ልዩነቱ እንግሊዛዊቱ ባሏን ለምና ማስፈቀዷ፣ የእኛዎቹ ግን ባሎቻቸውን ትተው መሄዳቸው ነው።

ጣይቱ ከባላቸው አልተለዩም፤ በሕመሙ ዘመን አስታመሙት፣ በአልጋውም ዙሪያ ሥልጣኑን ያዙ፣ መኳንንቱም በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ጣይቱ ዘውድ ወደ ጫኑበት ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው፣ እስከ የካቲት 1910 ዓ.ም. ዕለተ ሞታቸው ድረስ በጸሎት ኖሩ።