ባለጉዳዩ ዝም የሚልበት ስብሰባ
በከተማ ምክር ቤት ያሳለፍነው አንድ ምሽት

አብዛኞቻችን ወደ ዒሪያ የምንሄደው የአርኖና ደብዳቤ ሲደርሰን ወይም ልጅ ለማስመዝገብ ነው። በዚያው ሕንጻ ውስጥ በተለምዶ በወር አንድ ጊዜ የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ የምንከፍለው ገንዘብ የት እንደሚውል እጅ በማውጣት እንደሚወስን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በሩ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርን።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የደቡብ ከተማ የሚኖሩ እናቶች ስልክ በደወሉልን ጊዜ ነው። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲወጡ ምሳ በልተው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት የሰፈሩ ሞዓዶኒት ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በጽዳት ሥራ ላይ ስለሆኑ እስከ ማታ ድረስ ቤት አይገቡም። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚነግራቸው ሰው ፍለጋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲላኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ሕግ የሚማር አንድ የሰፈራቸው ወጣት «ማክሰኞ ማታ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፤ ሄደን እንስማ» አላቸው። እኛም አብረናቸው ሄድን።

ከበሩ ላይ ጥበቃው «ቢሮ ተዘግቷል፣ ነገ ጠዋት ኑ» አለን። ወጣቱ በትሕትና «ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው» ብሎ መለሰለት። ጥበቃው ስልክ ደውሎ ጠየቀና አሳለፈን። እናቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ከኋላ ባሉት ወንበሮች ተቀመጡ። ከእኛ በቀር ሌላ ተመልካች አልነበረም።

የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር እንደ ነዋሪው ብዛት ይለያያል፤ እንደ ኢየሩሳሌም፣ ቴል አቪቭና ሃይፋ ባሉት ትልልቅ ከተሞች 31 ናቸው። ከንቲባው በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፤ በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1978 ነበር። ተራ የምክር ቤት አባላት ለዚህ ሥራቸው ደመወዝ አይከፈላቸውም። እኛ በነበርንበት ምሽት በከንቲባው ግራና ቀኝ የሕግ አማካሪውና የገንዘብ ኃላፊው ተቀምጠዋል።

ስብሰባው የተከፈተው በሼኢልታ፣ ማለትም አባላት አስቀድመው በጽሑፍ ባቀረቡት ጥያቄ ነበር። ቀጥሎ ስለ አንድ መንገድ ስያሜ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዳንዱ ቡሬካሱን ይበላል። አንዲት እናት «የኛ ነገር መቼ ነው የሚነሳው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ወጣቱ የአጀንዳውን ወረቀት ደጋግሞ አገላበጠ። ሞዓዶኒት የሚል ቃል በየትም ቦታ አልነበረም።

በመጨረሻ ያገኘው «የበጀት ለውጦች» ከሚለው ተራ ቁጥር ጋር በተያያዘው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። በብዙ ረድፍ ቁጥሮች መካከል፣ ከአንድ መደብ ተቀንሶ ወደ ሌላ መደብ የሚዛወር ገንዘብ ተጽፏል። የተቀነሰበት መደብ የሰፈራቸው የከሰዓት በኋላ ማዕከላት ነበር። የአንድ ሰፈር ልጆች ምሳ በአንድ መስመር ቁጥር ሆኖ ሊያልፍ ተቃርቦ ነበር።

ተራው ሲደርስ ከንቲባው «ተቃውሞ አለ?» ብለው እጅ ሊያስቆጥሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ከእናቶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ተነሥተው በአማርኛ መናገር ጀመሩ። ከንቲባው በስብሰባው ላይ መናገር የሚችሉት አባላት ብቻ እንደሆኑ አስረዱ። ወጣቱ ተረጎመላቸው። እናታችን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ እኛም አብረናቸው አፈርን።

ይሁን እንጂ መነሣታቸው ከንቱ አልቀረም። አንዲት የምክር ቤት አባል ወደ ኋላ ዞር ብለው ወንበሮቹ በሰው መሞላታቸውን አዩ። «እነዚህ ሰዎች የመጡት ለየትኛው መስመር ነው?» ብለው ጠየቁና ሠንጠረዡን ገለጡ። የገንዘብ ኃላፊው ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ከዚያም አባሏ ያ መስመር ከሠንጠረዡ ወጥቶ ወደ ፋይናንስ ኮሚቴው እንዲመለስ ሐሳብ አቀረቡ። እጅ ተቆጠረ። ሐሳቡ በአንድ እጅ ብልጫ አለፈ።

እንግዲህ ሞዓዶኒቱ አልተዘጋም፤ ይቀጥላል ማለትም አይደለም። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተላለፈ እንጂ አላለቀም። እናቶቹም ይህን አውቀው ነው የወጡት።

ከደጅ ስንደርስ አብረውን የነበሩ አንድ አባት እንዲህ አሉ፦ «በአገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ ባለጉዳዩ ቆሞ ይናገራል፣ ዳኛው ያዳምጣል። እዚህ ደግሞ ባለጉዳዩ ዝም ይላል፣ ዳኛው ይጮሃል።» ወጣቱም «አባባ፣ እዚህ የሚናገረው ወረቀቱ ነው» ሲል መለሰላቸው።

እኛም ከዚህ ምሽት የተማርነው ይህንኑ ነው። በስብሰባው ላይ የሚሰማው ጩኸት የነገሩ መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያው ቀደም ብሎ በኮሚቴ ውስጥና በሠንጠረዡ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ሰላማዊ ሰልፍ ብቻውን አይበቃንም፤ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት አጀንዳውን ከነአባሪው የሚያነብ ሰው በየሰፈሩ ያስፈልገናል። ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆች ደግሞ ዛሬ በየቤታችን አሉ። መናገር ባይፈቀድልን እንኳ ጥያቄያችንን በሼኢልታ እንዲያቀርብልን አንድ አባል መለመን እንችላለን። የተባለው ሁሉ በፕሮቶኮል ይጻፋል፤ ፕሮቶኮሉም በከተማው የኢንተርኔት ገጽ ይወጣል። ቃል የገባውን ሰው በቃሉ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከሁሉም በላይ እጅ የሚያወጡትን ሰዎች የምንመርጠው እኛው ነን። በከተማ ምርጫ ዕድሜው 17 የሞላው ነዋሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ቢጫው ወረቀት ለከንቲባው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ተላልፎ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በተደረገው ምርጫ፣ ነጩን ወረቀት አስበንበት የከተትን ስንቶቻችን ነን? በዚያ ምሽት ጉዳዩን የወሰነው አንድ እጅ ነበርና ጥያቄውን እያንዳንዳችን ለራሳችን ብናቀርበው መልካም ነው እንላለን።

እናቶቹ የፋይናንስ ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን ጠይቀው በወረቀት ጽፈው ይዘዋል። ለሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ለመምጣት ተቀጣጥረዋል። እኛም ከኋላ ወንበር ላይ እንገኛለን።