አዲስ የወለደች ላም የደም ካልሲየም፤ ልኩና የናሙናው አወሳሰድ

የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ሆነ የማኅበሩ የከብት እርባታ ኃላፊ በቅድሚያ የሚጠይቁት «ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?» ብለው ነው። ይሁን እንጂ ላሟ ከወለደች ስንተኛ ቀኗ እንደሆነና ደሙ በምን ዓይነት ብልቃጥ እንደተላከ ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን አይረዳም።

በጤናማ የወተት ላም 100 ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ካልሲየም ይገኛል። ፎስፎረስ ከ4 እስከ 8፣ ማግኒዥየም ከ1.8 እስከ 2.4 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሴረም የሚባለው ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ጠራ ያለ ፈሳሽ ነው።

ላሟ እንደወለደች ግን ይህ ልክ ይለወጣል። 10 ሊትር እንገር ወደ 23 ግራም ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ በደሟ ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግን 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ጉድለቱ ከአጥንትና ከመኖ እስኪተካ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ጤናማዋም ላም ወደ 7 ወይም 8 ብትወርድ አያስደነግጥም። ከ5.5 በታች ስትወርድ ግን ብዙውን ጊዜ መቆም ያቅታታል። በሽታው የወተት ትኩሳት ይባላል። ስሙ አሳሳች ነው፤ ትኩሳት የለባትም፤ እንዲያውም ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ ትተኛለች። በይበልጥ የሚያጠቃውም ሦስትና ከዚያ በላይ የወለዱትን፣ ብዙ ወተት የሚታለቡትን ላሞች ነው።

ከፍ ያለ ስሕተት የሚደርሰው በብልቃጡ ነው። ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ብልቃጥ ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል አለበት። ኬሚካሉ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየሙን አስሮ በመያዝ ስለሆነ፣ በዚህ የተላከ ደም ጤናማዋን ላም ለሞት የተቃረበች ያስመስላታል። ለካልሲየም ምርመራ ምንም ያልተጨመረበት፣ ባለ ቀይ ክዳን ብልቃጥ ይወሰድ። ደሙን መነቅነቅም ሆነ ፀሐይ ላይ መተው አይገባም፤ ቀይ ሕዋሶቹ ከፈረሱ ፎስፎረሱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል።

ደሙ የሚቀዳው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከተቀዳ በኋላ ግን ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ላሟን መግደል ነው፤ ሳትታከም ካደረች ላትነሣ ትችላለች። የእንስሳት ጤና ባለሙያው እስኪደርስ በጎኗ የተዘረጋችውን ላም በደረቷ አስተኝቶ በገለባ መደገፍ ያሻል፤ አለበለዚያ ትነፋለች። በአፏ ምንም ነገር አይጋት፤ መዋጥ ስለሚያቅታት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ባለሙያው የካልሲየም ቦሮግሉኮኔቱን በሰውነት ሙቀት ልክ አሙቆ፣ የልብ ምቷን እያዳመጠ፣ በአንገት ደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ይሰጣታል። ከተቻኮለ ልቧ ይቆማል።

በብልቃጡ ላይ የላሟ ቁጥር፣ የወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ይጻፍ።