የሐሳብ ንግግርና የመርማሪው ማኅተም

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ዊንደም በ1955 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመው ልብ ወለድ መጽሐፍ «ዘ ክሪሳሊድስ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ትል ቢራቢሮ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በሽፋኑ ተጠቅልሎ ከሚቈይበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ ለወጣቶች ብቻ ተብሎ የተጻፈ ባይሆንም ተራኪው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በመሆኑ በየትምህርት ቤቱ ሲነበብ ኖሯል። እኛ ግን ከተማሪው ይልቅ ለአስተዳዳሪውና ለነጋዴው እንመክረዋለን፤ የታሪኩ ሥር የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከእኛ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በሰሜን አሜሪካ በላብራዶር ምድር ነው። የቀድሞው ሥልጣኔ በታላቅ መዓት ጠፍቷል። የአገሩ ሰዎች የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ይላሉ፤ አንባቢ ግን ተቃጥሎ ወደ ብርጭቆ የተለወጠውን የደቡብ ጠረፍ ወሬ ሲሰማ የአቶም ጦርነት መሆኑን ይረዳል። የተረፉት ገበሬዎች፥ ሰው በአምላክ አርአያ የተፈጠረ ስለ ሆነ መልኩ አንድ ብቻ ነው ብለው ደንግገዋል። ከዚያ መልክ የወጣ ሰብል ይቃጠላል፤ ከብት ይታረዳል፤ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ እንዳይወልድ ተደርጎ ወደ ዱሩ ጠረፍ ይጣላል። ስለዚህም የመንግሥት መርማሪ አይቶ የምስክር ወረቀት እስኪሰጠው ድረስ የተወለደ ሕፃን እንደ ተወለደ አይቈጠርም።

ዴቪድ ስትሮርም የዚህ ሕግ አጥባቂ የሆነው የጆሴፍ ስትሮርም ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ሶፊ ከምትባል ልጅ ጋር ይወዳጃል፤ በእያንዳንዱ እግሯ ስድስት ጣት አላት። ከወንዝ ወጥታ ድንጋይ ላይ ባሳረፈችው እርጥብ ዱካ ምስጢሯ ይገለጣል፤ ዴቪድም በአባቱ ጅራፍ ተገርፎ ስሟን ያወጣል። እርሱ ራሱ ግን ከእርሷ የባሰ የሕግ ተላላፊ ነው። ከአጎቱ ልጅ ከሮዛሊንድና ከሌሎች ጥቂት ልጆች ጋር፥ በመካከላቸው ብዙ ርቀት ሳለ፥ ያለ ቃልና ያለ ምልክት በሐሳብ ይነጋገራል። ጣቱ ዐሥር ነው፤ መልኩም የተሟላ ነው፤ መርማሪውም ወረቀቱን ከሰጠው ቈይቷል። ይህን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ቢኖር አጎት አክስል ነው። እርሱ የቀድሞ መርከበኛ በመሆኑ፥ በየባሕሩ ዳርቻ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሕዝቦች እያንዳንዳቸው «እውነተኛው የሰው መልክ የእኛ ነው» ብለው እንደሚኖሩ ሰምቷል።

እዚህ ላይ የፈረሶቹን ነገር ማንሣት ይገባል። የሮዛሊንድ አባት አንገስ ሞርተን ከተለመደው ፈረስ ቁመት እጅግ የበለጡ ሁለት ግዙፍ ፈረሶች ያመጣል። ጆሴፍ ስትሮርም አይቶ ይቈጣል፤ ከመልክ የወጡ ናቸውና ይገደሉ ብሎ ለመርማሪው ይከሳል። መርማሪው ግን መንግሥት የፈቀዳቸው ዝርያ መሆናቸውን ይነግረዋል። እንዲህ ያለው ፈረስ የሁለት ፈረስ ሥራ እየሠራ የሚበላው ግን የሁለት ፈረስ ያህል አይደለም። ሂሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ፈቃዱ ከወዴት እንደ መጣ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ስድስተኛዋ የእግር ጣት ግን ለማንም ትርፍ አታስገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ምዕራፍ ስለ ድንቁ ኃይል የሚናገረው አይደለም። የዴቪድ እኅት ፔትራ ትወለዳለች። መርማሪው ጆሴፍን ስለማይወደው እያስጠበቀ ያጕላላውና በመጨረሻ ወረቀቱን ይጽፋል። ሳይውል ሳያድር የእናቲቱ እኅት ሐሪየት የራሷን አራስ ሕፃን ታቅፋ ትመጣለች። ቀድሞ ሁለት ልጆች ተወስደውባታል፤ ሦስተኛውም እንደ እነርሱ ከተፈረደበት ባሏ ሊፈታት ሕጉ ይፈቅድለታል። በሕፃኗ ላይ ያለው ጉድለት እጅግ ትንሽ ነው። ልመናዋ፥ ፔትራን ለጥቂት ጊዜ አውሺኝና ለመርማሪ አሳይቼ ወረቀቱን ላግኝ የሚል ነው። እኅቷ አፍራባት እንቢ ትላለች፤ ጆሴፍም ገሥጾ ያሰናብታታል። ሐሪየት ከወንዝ ውስጥ ሞታ ትገኛለች፤ የሕፃኗ ነገር ግን ሳይነሣ ይቀራል። ዴቪድ ይህን ሁሉ የሰማ ልጅ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ የራሱን ምስጢር የሚፈራው በሌላ ዓይነት ፍርሃት ነው።

ፔትራ ጥቂት ስታድግ፥ ኃይሏ ከሁሉም የበለጠ ሆኖ ይገኛል። በጫካ ውስጥ አውሬ ፈረሷን ሲይዝባት በሐሳቧ ትጮኻለች፤ ጓደኞቿም ሳይወዱ በግድ ከየእርሻቸው ተስበው ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ ማንም ሳይጠራቸው በአንድ ስፍራ እንዴት ተገናኙ የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ሁለት ልጃገረዶች ተይዘው በሥቃይ ይናገራሉ። ዴቪድ፥ ሮዛሊንድና ፔትራ በሌሊት የሚሸሹት በእነዚያ በግዙፎቹ ፈረሶች ላይ ሆነው ነው፤ አባትየው ይገደሉ ያላቸው ፈረሶች ልጆቹን ተሸክመው ከእርሱ አሸሹአቸው።

ዊንደም በ1903 ተወልዶ በ1969 የሞተ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሳንሱር ሥራ አገልግሏል። የሰው ሐሳብ ምን ያህል ተመርምሮ ሊታወቅ እንደሚችል በሥራው ሳያስብበት የቀረ አይመስለንም።

የመጽሐፉን ፍጻሜ ግን ያለ ቅሬታ አልተቀበልነውም። የፔትራን ጥሪ ከሩቅ የሰሙ፥ በሐሳብ የሚነጋገሩ የሌላ አገር ሰዎች በአየር መጥተው ልጆቹን ያድናሉ፤ ከአየር የሚለቁት ተጣባቂ ክር አሳዳጁንም ተሳዳጁንም የጠረፍ ሰው ይገድላል። መሪያቸው የሆነችው ሴት ይህን በርጋታ ታብራራለች፤ የአሮጌው ዓይነት ሰው ዘመኑ አልፏል፥ ለአዲሱ ስፍራ ሊለቅ ይገባል ትላለች። ብዙ አንባቢ እንደ ድል ያየዋል። ለእኛ የጆሴፍ ስትሮርም ስብከት ልብሱን ለውጦ የተመለሰ መሰለን፤ ደራሲው ይህን አውቆ አድርጎት እንደ ሆነም ከገጹ መለየት ያስቸግራል።

ከጓደኞቹ አንዱ ማይክል ብቻ አይሄድም። ራሔል የምትባለው የመጨረሻዋ ባልንጀራቸው ኋላ ቀርታለች፤ መርከቢቱም እርሷን ለማምጣት ዞራ ወደ አገሯ የሚመልሳት ነዳጅ የላትም። ማይክል ወደ ዋክኑክ፥ ወረቀቱ ወደሚመረመርበት መንደር ይመለሳል። ከራሔል ጋር መንገድ ፈልገው ይደርሱ አይደርሱ መጽሐፉ አይነግረንም።