የመጋዘን ቆርቆሮ ቀለም እንዳይላጥ ምን መደረግ አለበት?

አንዳንድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ የእህል መጋዘናቸውን ቆርቆሮ ያስቀባሉ። ይሁን እንጂ ክረምት ካለፈ በኋላ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ሲረግፍ ይታያል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ይላከካል። እኛ ግን አስቀድሞ የቆርቆሮው ገጽ እንዲመረመር እንመክራለን።

ምክንያቱ

ቆርቆሮ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። አዲስ ሲሆን ገጹ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ ከፋብሪካ የመጣ ስስ ቅባት ሊኖረው ይችላል። ከዚህም ሌላ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ፣ ውሎ አድሮ በመካከላቸው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጠርና ቀለሙን ከሥሩ ያስለቅቀዋል። የተለመደው ቀይ አንቲረስትም አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ቀለም ወገን ሆኖ ለጥቁር ብረት የተዘጋጀ ስለሆነ ከዚህ ችግር አያድንም።

አሠራሩ

1ኛ/ ሥራው ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅና ፀሐይ ሳይበረታ ይከናወን።

2ኛ/ ቆርቆሮው በዱቄት ሳሙናና በውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ። ውሃ ሲረጭበት ጠብታ እየሠራ ከተንከባለለ ቅባቱ አልለቀቀምና እጥበቱ ይደገም። ውሃው ገጹን እኩል ካለበሰው ጸድቷል ማለት ነው።

3ኛ/ ነጭ ዝገት ካለ በጠንካራ የጭረት ብሩሽ ይወገድ። ከዚያም ገጹ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሽ። ዚንኩ እስኪላጥ መፋቅ ግን ብረቱን ለዝገት ማጋለጥ ነው።

4ኛ/ ደኅና ሲደርቅ፣ ጣሳው ላይ ለጋልቫናይዝድ ብረት መሆኑ የተጻፈበት የመጀመሪያ ቅብ ይቀባ። በላዩም ከቅቡ ጋር የሚስማማ የውጭ ቀለም፣ እያንዳንዱ እየደረቀ፣ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባ።

ጥንቃቄ

ሳሙና የነካው ጣሪያ ስለሚያንሸራትት ሠራተኛው በገመድ ሳይታሰር አይውጣ። እርሳስ ያለበት ቀለም ለጤና ጎጂ ስለሆነ አይገዛ።

ከግዥ በፊት ሙከራ

ለመጋዘኑ ሁሉ ቀለም ከመግዛት በፊት አንድ ቆርቆሮ ብቻ በዚሁ አኳኋን ይቀባ። ከሳምንት በኋላ ቀለሙ በስለት መስቀልኛ ተጭሮ ፕላስተር ይለጠፍበትና በፍጥነት ይሳብ። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሣ ዝግጅቱ ጉድለት አለበት። የልማት ሠራተኞች ይህን ሙከራ በአባላት ፊት ቢያሳዩ፣ ማኅበሩ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል።