ውስጠ ክፍት ብረትና የተበየደ ላሜራ፤ የመጋጠሚያው ጥንካሬ

ሚኤሶ ከጥንቱ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ጀምሮ የጣቢያ ከተማ ናት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ሲሠራም፣ ለተለያዩ ተቋራጮች የተሰጡት የሰበታ–ሚኤሶና የሚኤሶ–ደወሌ ክፍሎች የተጋጠሙት በዚህችው ከተማ ነው። በብረት ሥራም ከሁሉ በፊት ሊመረመር የሚገባው መጋጠሚያው ነው። የመማሪያ ክፍል ጣሪያም ሆነ የውኃ ታንከር ማማ በተለምዶ ቱቦላሬ በሚባለው ውስጠ ክፍት ብረት ሲሠራ ጥያቄው ይህ ነው።

ቱቦላሬ ለክብደቱ ጠንካራ ነው፤ ብረቱ ከመካከል ርቆ በዙሪያው ስለተዘረጋ መታጠፍንና መጠምዘዝን ይቋቋማል። ሆኖም ግድግዳው ስስ ነው። ላሜራ በአንዱ ገጽ መካከል በቁመት ተበይዶ ሲሳብ፣ ኃይሉን በቅድሚያ የሚቀበለው ያ ስስ ገጽ ነው። ገጹም እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ውጭ ይወጠራል፤ ሲገፋ ደግሞ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ብየዳው ሳይላቀቅ፣ ላሜራውም ሳይበጠስ መጋጠሚያው ሊበላሽ ይችላል።

ለምሳሌ የቱቦላሬው ወርድ 100፣ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር፤ የላሜራው ርዝመት 100፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ይሁን። የሁለቱም ብረት የመለጠጥ ወሰን በካሬ ሚሊሜትር 235 ኒውተን ቢሆንና ቱቦላሬው ሌላ ጭነት ባይኖርበት፣ በአውሮፓ ደንብ ስሌት ገጹ የሚችለው 12 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ላሜራው ግን ብቻውን 188 ይችላል። ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ሲሆን የገጹ አቅም ወደ 49 ያድጋል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናልና። ደንቡ ከ2.5 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ግድግዳ አያገለግልም።

እንግዲህ ብየዳን ማወፈር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የሚበጀው ላሜራውን አግድም አድርጎ ወርዱን እስከ ጎን ግድግዳዎች ማድረስ፣ በገጹ ላይ ወፍራም ላሜራ መደረብ፣ ወይም ቱቦላሬውን ሰንጥቆ ላሜራውን በማሳለፍ በሁለቱም ገጾች መበየድ ነው።

መምህሩ ይህንን በባዶ ካርቶን ሊያሳይ ይችላል፤ መካከሉ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ጠርዙ ግን ይጸናል። ዕቅድ አውጪውም በግዥ ዝርዝሩ ላይ የቱቦላሬውን ወርድ ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ውፍረት መጻፍ ይኖርበታል፤ ከጣሪያው በታች የሚቀመጡት ተማሪዎች ናቸውና።